ሠላሳ አንዱ ሙታን

ሰቦቃ ጉደታ ከሞተ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ባለፈው የካቲት ደም ሰጥቷል። ኤክሴሉ እንደዚያ ይላል። ተራ ቁጥር ሃምሳ ስምንት፣ ጾታ ወንድ፣ ዕድሜ ሰባ አንድ፣ የተወሰደ ደም አምስት ሚሊ ሊትር። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አላጨስም» ብሏል። «ጤንነትዎን እንዴት ያዩታል?» ሲባል ደግሞ «ተመስገን» ማለቱን መረጃ ሰብሳቢው በቅንፍ ጽፎለታል።

ሞቲ ሰቦቃ የአባቱን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሳቀ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በቀን ሁለት ፓኮ ያጨስ ነበር፤ የሞተውም በሳንባው ነው። መቃብር ከገባ በኋላ ሲጋራ ማቆሙ መቼም መልካም ዜና ነው። ከሁሉ የባሰው ግን «በወንዝ ዳር አትክልት ያለማሉ?» የሚለው ነበር፤ «አዎ» ተብሎ ተሞልቷል። ሰቦቃ ከተማ ከገባ ወዲህ ዶማ ጨብጦ አያውቅም። እርሻን ከአባቱ ቤት ጥሎ የወጣ፣ የባቡር ባርኔጣውን ደፍቶ ጎመን የሚኮተኩቱትን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ነበር። ልጁ ከእሱ የወረሰው ነገር ቢኖር ይኼንኑ ሰውን ቁልቁል ማየት ነው።

ቢሮው ቃሊቲ ዋናው መንገድ ላይ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ የሚታየው የከባድ መኪናዎች ማቆሚያ ብቻ ነው። የጎሚስታው መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ አቧራው መስኮት ተዘጋም ተከፈተም ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ኮሌጁ በዓመት ሁለት ጊዜ የምርምር ጆርናል ያሳትማል። የጆርናሉ አንባቢዎች ቢቆጠሩ ከጸሐፊዎቹ እናቶች አይበልጡም፤ እነሱም ቢሆኑ ፊደል የቆጠሩት ብቻ ናቸው።

ሞቲ የዚህ ጆርናል የማጣሪያ አርታኢ ነው። ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ገምጋሚዎች ከመሄዱ በፊት በእሱ እጅ ያልፋል። የተሰረቀ እንደሆነ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳለው፣ ተሳታፊዎቹ ወደው እንደፈረሙ፣ ቁጥሮቹ የእውነት እንደሆኑ የሚያየው እሱ ነው። ለዚህም ራሱ ያዘጋጀው አሥራ አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ፤ ቅጽ ሦስት ይባላል። ዘንድሮ ብቻ አርባ ሰባት ጽሑፍ ጥሏል። እያንዳንዱን ያስታውሳል። ከሌላ አገር ጥናት ገልብጦ ስሙን መቀየር በመርሳቱ ስለ ሳሪስ ሲጽፍ «የሌጎስ ነዋሪዎች» ያለውን መምህር ያስታውሳል። የአንዲትን ላም ፎቶ አገላብጦ ሦስት ላም ያደረገውንም ያስታውሳል። ማታ ሲተኛ እነዚህን እያሰበ የሚደሰትበት ጊዜ ነበር። እሱ ራሱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ገጽ አላሳተመም፤ ስለዚህ አንድም ስህተት አልተገኘበትም።

የዛሬው ጽሑፍ የዶክተር የአብስራ ነው። የአብስራ የማኅበረሰብ ጤና መምህር ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ከሚናገረው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ደግሞ የማዕረግ ዕድገት ይጠብቃል። ጥናቱ አቃቂ በሰቃ ወንዝ ማዶ ባለ የአሮጌ ባትሪ ማቅለጫ አካባቢ የሚኖሩ መቶ አርባ ሰዎችን ደም መርምሮ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ምን ያህል እንዳለበት ይናገራል። አማካዩ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው፤ ከአምስት ማለፍ አልነበረበትም። የሚያስገርመው፣ ይላል ጽሑፉ፣ ከሁሉም በላይ የተጎዱት በዕድሜ የገፉ ወንዶች መሆናቸው ነው። የአብስራ ምክንያቱን ፍለጋ ሁለት ገጽ ሙሉ ዞሯል። ምናልባት ከጠጅ ቤት ዕቃ፣ ምናልባት በወጣትነታቸው ከሠሩበት የባቡር ጋራዥ፣ ምናልባት ከቤት ቀለም። ሞቲ ሁለቱን ገጾች ሲያነብ የተሰማው ንቀት የቁርስ ያህል አጠገበው።

ጥሬ መረጃውን የጠየቀው እሱ ነው። ሰውዬው ደግሞ «የተሳታፊዎች ስም በምንም ሁኔታ አይገለጽም» ብሎ የጻፈበትን ጥናት ከነስማቸው፣ ከነስልካቸው፣ ከነተፈረመው የስምምነት ቅጽ ቅጂ ጠቅልሎ ላከለት። ይህ ብቻውን ለመጣል ይበቃ ነበር። ሞቲ ግን ስሞቹን ሲያይ የቆየ ነገር ትዝ አለው። በፊደል ተራ አልተቀመጡም፤ በቤት ቁጥርም አይደለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሲወርድ የሀዲድ ማዶ እድር መዝገብ ነው። ልጅ ሆኖ በአባቱ ፈንታ ስብሰባ እየሄደ ሰልችቶት በቃሉ ያጠናው ተራ ነው።

የዚያ እድር ወግ ደግሞ እንዲህ ነው። አባል ሲሞት ስሙ አይሰረዝም። ሚስቱ በሕይወት እስካለች ድረስ መዋጮው የሚከፈለው በሟቹ ስም ነው፤ መዝገብ መቀየር ቤት እንደማፍረስ ይቆጠራል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከሕያዋን ጋር ሙታን ተሰልፈዋል። የአብስራ ይህን አያውቅም። መዝገቡን አግኝቶ ገለበጠው፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም ደም ፈጠረለት፤ መልስም ፈጠረለት። ሞቲ የሚያውቃቸውን ሟቾች ቆጠረ። ሠላሳ አንድ ናቸው።

ረፋድ ላይ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሪፖርቱን ጨርሶ ነበር። ለዓመታት እንዲህ ጣቱ ተፍታቶ አልጻፈም። በመጨረሻው ገጽ «ሙታን ደም አይሰጡም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባና ደስ ስላለው አደመቀው። ቅጽ ሦስትን ሲሞላ ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ብቻ ትንሽ ቆመ። «አርታኢው ከጥናቱ ተሳታፊዎች ጋር ዝምድና አለው?» ይላል። የሞተ ሰው ተሳታፊ ሊሆን አይችልም ብሎ አሰበና «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሪፖርቱን ለዋና አዘጋጁ ለዶክተር ሮሪሳ ላከው።

ሮሪሳ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዘይት የጠጣ ነው።

«አቶ ሞቲ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ጆርናል ምን ይሆን ነበር? ሪፖርቱን ለየአብስራ አስተላልፌዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችን እንገናኝ።»

ሞቲ ሮሪሳን ያውቀዋል። ጆርናሉ እውቅናው እንዲታደስ በአንድ እትም ስድስት ጽሑፍ ማውጣት አለበት፤ ያለው አምስት ነው። ስድስተኛው የየአብስራ ነበር። ሮሪሳ ስድስተኛውን ላለማጣት የራሱን አያት ደም ይሰጣል። ስለዚህ ሞቲ ክሱን የማይነቀነቅ ሊያደርገው ፈለገ። የእድሩ ጸሐፊ ሠላሳ አንዱ ሰዎች መሞታቸውን በማኅተም ካረጋገጡለት ሮሪሳ መውጫ አያገኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሞቲ ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀቱ ግን ያስፈልገው ነበር።

በሚኒባስ አቃቂ ወረደ፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ በሰቃ ገባ። ሠፈሩን ከለቀቀ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱን በወር አንዴ ያያታል፤ ያም ቢሆን ከበር ሳያልፍ ነው። ዛሬም ጎራ ሊል አላሰበም። ማቅለጫው ከወንዙ ማዶ ቢጫ ጭሱን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይተፋል፤ ባጃጁ ውስጥ ሳለ ምላሱ ላይ የሳንቲም ጣዕም መጣበት። ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል ብሎ ተጸየፈ።

ጋሽ ታጁ ከዙህር ሶላት ተመልሰው ሱቃቸውን እየከፈቱ ነበር። ሚስማር፣ ቆርቆሮና የፕላስቲክ ባልዲ ይሸጣሉ፤ የእድሩ ጸሐፊ ከሆኑ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሞቲን ሲያዩ ደስ ብሏቸው በርጩማ አቀረቡለት። እሱ አልተቀመጠም። ስልኩን አውጥቶ የሟቾቹን ስም አነበበላቸው። እሳቸው በየስሙ ላይ «ነፍስ ይማር» እያሉ አምስት ያህል ሰሙና እጃቸውን አነሱ።

«ለቀባሪው አረዱት አሉ። የሁሉንም ድንኳን ያስተከልኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ይኼንኑ በደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው፣ ጋሽ ታጁ። እነዚህ ሰዎች የካቲት ላይ ደም ሰጡ ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዶክተር መዝገብዎን ገልብጦ ነግዶበታል።»

ጋሽ ታጁ ባልዲዎቹን ማውጣት ትተው አዩት።

«ማን ገለበጠ? መዝገቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የወሩ ስብሰባችን ላይ መጡ፤ ሦስት ልጆች ናቸው፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ። በስም ጥሩልን አሉ። እንደ ሁልጊዜው ጠራሁ። ያለ ሰው አቤት ይላል፤ ይሄዳል፤ ይወጋል።»

«አባቴም አቤት አለ?» አለ ሞቲ። አነጋገሩ ውስጥ ፌዝ ነበረበት።

«አባትህ ሲጠራ እናትህ ናት አቤት የምትለው። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ ናት። ባል የሞተባት ሁሉ እንደዚያው ናት፤ ይኼን አንተ አጣኸው?»

አላጣውም። ስሙ እንደማይሰረዝ ያውቃል፤ መዋጮው በማን እጅ እንደሚከፈልም ያውቃል። ያንን ስም ሰምቶ የሚነሳ ሰው እንዳለ ግን አንድም ጊዜ አላሰበም። ልጅ ሆኖ ለአባቱ አቤት ሲል ማንም «አንተ ሰቦቃ ነህ ወይ?» ብሎት አያውቅም ነበር።

«ልጆቹ ስማቸውን አልጠየቋቸውም?»

«ቀና ብለው ያዩ አይመስለኝም። ስሙ ጾታው ዕድሜው መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ነው የሞሉት። ቅጹ ላይ ጣታቸውን አስነክተው ላኳቸው። ውጤቱን በስልክ እንነግራችኋለን ብለው ነበር። መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ግን የሟቾቹ ነው፤ ማን ያነሳዋል?» ጋሽ ታጁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ዶክተሩ ካለበት ቤት ከሆንክ እስቲ ንገረኝ። እናትህ እጇ ይደነዝዛታል፣ ሆዷን ይቆርጣታል። እነዚያ እድሩ የወንዝ ዳሩን መሬት የሰጣቸው ሴቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ከማቅለጫው ቱቦ በሚወርደው ውሃ ነው የሚያጠጡት። ምን ተገኘባቸው?»

እናቱ «እጄ ደነዘዘ» ስትለው ሞቲ «እርጅና ነው» ብሏት ነበር። በየሳምንቱ በሰው እጅ የምትልክለትን ቆስጣ ቤቱ አስገብቶት አያውቅም፤ ለኮሌጁ ዘበኛ ይሰጠዋል።

ከሱቁ ወጣ ብሎ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ጥግ ቆመና ፋይሉን ከፈተ። ጠዋት ሲስቅ ያላያትን፣ የእርሳሱ መጠን የተጻፈባትን አንዲት ዓምድ ወደ ቀኝ ጎትቶ አመጣት። ተራ ቁጥር ሃምሳ ስምንት፦ አርባ አንድ። ከመቶ አርባው ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ሲጋራ የማታጨሰው፣ ወንዝ ዳር የምታለማው፣ ተመስገን የምትለው እናቱ ናት። የአብስራ ሁለት ገጽ የፈላሰፈባቸው አረጋውያን ወንዶች ሠላሳ አንድ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ናቸው።

ቁልቁል ወንዙ አምስት ደቂቃ አይወስድም። እናቱ በዚህ ሰዓት እዚያ ናት። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ከሩብ ሆኗል። ያ ሪፖርት ግን በሮሪሳ እጅ ነው። ባጃጅ ጠራ።

ሲደርስ ሁለቱም ስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የአብስራ ፊቱ ላይ ከአስተማሪ ቁጣ ያመለጠ ተማሪ ፈገግታ ነበር። ፊት ለፊቱ አዲስ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል። ሮሪሳ ለሞቲ ወንበር ሳበለት።

«የእርስዎ ዓይን አንድ ቀን ይሸለማል። ዶክተር የአብስራም እንደ ጨዋ ሰው ስህተቱን ተቀብሏል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ አታለውታል። ሠላሳ አንዱን አውጥቶ እንደገና ሠርቶታል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ ይገርምዎታል።»

ሞቲ ወረቀቱን ሳበው። ርዕሱ ሳይቀር ተቀይሯል። መቶ ዘጠኝ ተሳታፊ። አማካይ የእርሳስ መጠን ሦስት ነጥብ ስምንት። መደምደሚያው አጭር ነበር፤ በአካባቢው ነዋሪዎች ጤና ላይ የሚያሰጋ ሁኔታ አልታየም። ስለ አረጋውያን ወንዶች የተጻፉት ሁለት ገጾች ጠፍተዋል። ጽሑፉ አምሮበታል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ንጹሕ ጽሑፍ ሞቲ እጅ ገብቶ አያውቅም።

«አልሞቱም» አለ።

«ማን?»

«ሠላሳ አንዱ። ደሙ የእውነት ነው። ባሎቻቸው ናቸው የሞቱት፤ ደሙ የሚስቶቻቸው ነው። ወንዝ ዳር የሚያለሙት እነሱ ናቸው፤ መርዙ ያለው እነሱ ጋ ነው። እነሱን አውጥታችሁ ስትደምሩ መርዙን ነው ያወጣችሁት።»

የአብስራ ወደ ሮሪሳ ዞረ። ሮሪሳ መነጽሩን አድርጎ የጠዋቱን ሪፖርት ከክምሩ አወጣና የተደመቀውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ አነበበ።

«‹ሙታን ደም አይሰጡም።› የእርስዎ ቃል ነው። ፊርማዎም አለበት።»

«ተሳስቻለሁ።»

«እሺ፣ ተሳስተዋል እንበል። ደሙ የሴቶቹ ነው። እንግዲያው እነዚህ ሴቶች መቼ ፈረሙ? የስምምነት ቅጹ ላይ ያለው የባሎቻቸው ስም ነው። በራስዎ ቅጽ ጥያቄ ስድስት ምን ይላል? በስሙ ስምምነቱን ያልሰጠ ሰው መረጃ ይወገዳል። በዚህ ጥያቄ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ጣሉ?»

ዘጠኝ ሰው ጥሏል። አንዷ አልቅሳበት ነበር፤ እሱ ግን የቅጹን ቁጥር ከመንገር በቀር አንድ ቃል አልጨመረላትም። አሁን ሮሪሳ የሚናገረው በእሱ ድምፅ፣ በእሱ ለዛ ነበር፤ ሞቲ እንዲህ የሚያስጠላ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ከጽሑፉ ይልቅ፣ ከየአብስራ ይልቅ፣ ጠዋት ወንበሩን ገፍቶ የሳቀውን ሰውዬ ናቀው።

«ታዲያ ሁሉንም ጣሉት» አለ። «እውነት ከሌለበት አይውጣ።»

«መቶ ዘጠኙ እኮ ምንም እንከን የላቸውም» አለ የአብስራ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «ስማቸው ትክክል ነው፣ ፊርማቸው ትክክል ነው።»

«አርባ አንድ ያላት ሴትዮ እናቴ ናት።»

ከታች የጎሚስታው መዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሮሪሳ መነጽሩን አወለቀ፤ ፊቱ ላይ ሐዘን የሚመስል ነገር አለፈ፤ ሐዘኑም ምናልባት የውሸት አልነበረም። ከዚያ ቅጽ ሦስትን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሞቲ አቀረበው።

«ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ‹የለም› ብለዋል።»

ሞቲ ብዕሩን አወጣ። «የለም» የሚለውን ሰርዞ «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጽሑፍ ላይ መናገር አይችልም፤ ዝምድና ያለው አርታኢ ከውሳኔው ይወጣል የሚለውን ደንብ የጻፈው እሱ ነው። ማንም ሳይነግረው ተነሳ።

«ፋይሉን ከስልክዎ ያጥፉት፣ አቶ ሞቲ» አለ ሮሪሳ። «የሰው የጤና ምስጢር ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ አማረች በእሱ ቦታ እንድትፈርም ስትጠራ አያት። ወንበር አልሳበችም። ቆማ ፈርማ፣ «በቃ?» ብላ ወጣች፤ ከገባች ሁለት ደቂቃ አልሞላትም። የአብስራ ተከትሏት ወጣ፤ ሞቲን ሲያይ ማለፍ አፍሮ ቆመ።

«ደውለን ነበር» አለ። «ስልኮቹ አይሠሩም።»

«ሠላሳ አንድ ስልክ ሲዘጋ ምን መሰለህ?»

የአብስራ ጥቂት አሰበ።

«ኔትወርክ» አለ።

ሞቲ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። እሱ ራሱ ጠዋት የመሰለው ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ወንዝ ዳር ወረደ። ጫማው ውስጥ ጭቃ ገባ፤ ግድ አልሰጠውም። መሬቱ በጠባብ በጠባብ መደብ ተከፋፍሏል፤ በየመደቡ ሻሽ ያሰረች ሴት ጎንበስ ብላለች። ቆስጣው ወፍራም ነው፣ አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል። ከቱቦው የሚወርደው ውሃ በቦዩ ዞሮ ሁሉም ጋ ይደርሳል። እናቱ አለሚቱ የቆረጠችውን እያሰረች ነበር። ገመዱ ከጣቷ እያመለጠ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትሞክር ከሩቅ አያት። ሲቀርባት ደነገጠች።

«ሞቲ ኮ፣ የኔ ልጅ! ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ። የካቲት ላይ ደም ሰጥተሽ ነበር?»

ቆስጣውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ሰጠሁ። የአባትህን ስም ሲጠሩ ሄድኩ። ስምሽ ማነው ያለኝ የለም። ለምን፣ አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም።»

«ታዲያ ምን ተገኘብኝ?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በሥራው ሁሉ ሰበብ ነበረው። እሱ ሐኪም አይደለም፤ ጽሑፉ ከእጁ ወጥቷል፤ ፋይሉን እንዲያጠፋ ታዟል። እናቱ ግን እዚያው ቆማ ፊቱን ታያለች።

«እርሳስ የሚባል መርዝ ነው። ከአምስት ማለፍ የለበትም። አንቺ ጋ አርባ አንድ ነው። የእጅሽም የሆድሽም ነገር ከዚያ ነው። እርጅና ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ይህን ውሃ ከአሁን ወዲያ አትንኪ።»

አለሚቱ አላለቀሰችም፣ ወደ ሰማይም አላየችም። የያዘችውን እስር ቆስጣ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግሞ ቀሚሷን አየችው።

«የነዲንቄስ?» አለች ወደ ጎረቤት መደብ ዞር ብላ። «የሁላችንንም ወስደዋል እኮ።»

«የእሷን ላንቺ አልነግርሽም። ጥሪያትና ለራሷ ልንገራት።»

እናቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በኦሮምኛ ተጣራች። ጥሪው ለዲንቄ ነበር፤ ቀና ያሉት ግን ብዙ ናቸው። ከየመደቡ አንዷ ለሌላዋ እየተቀባበለች፣ የደሙ ውጤት መጣ እየተባባሉ፣ ቦዩን እየተሻገሩ ወደ እሱ መጡ። ሞቲ ስልኩን ከፈተ። ፋይሉ ላይ ሠላሳ አንድ የወንድ ስም አለ፤ የትኛዋ በየትኛው ስም እንደተመዘገበች የትም አልተጻፈም።

መጀመሪያ የደረሰችው የልጅነት ጓደኛው የቢራ እናት ነበረች። ከእሷ ቤት ስንት ቀን በልቷል፣ ዝናብ ሲጥል እዚያ አድሯል። ዕድሜውን ሙሉ «የቢራ እናት» ብሏታል። አንድ ቀን እንኳ ሌላ ስም ይኖራት ይሆን ብሎ አላሰበም። አሁን ትንፋሿን እየሰበሰበች ቆማ ትጠብቃለች። ስልኩን ዝቅ አድርጎ ፊቷን አየ።

«ይቅርታ እናቴ» አለ። «ስምዎን ማን ልበል?»